ስኳርን የሚሠራው ማን ነው?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከሳይንስ ማኅበር በኩል የተደረገ ንግግር




የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ቀን በሳይንስ ማኅበራችን ስም አንድ አጭር ንግግር እንዳደርግ ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የመረጥሁት ርእስ ከሁላችንም ቤት የማይጠፋ፥ ጧትና ማታ በሲኒያችን ውስጥ የምንጨምረው፥ ነገር ግን ከየት መጥቶ እንዴት እንደ ነጣ ብዙዎቻችን ጠይቀን የማናውቀው ነገር ነው። ይኸውም ስኳር ነው።

አንድ ሰው «ስኳርን የሚሠራው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀን፥ ያለ ማመንታት «ፋብሪካ ነዋ!» ብለን እንመልስ ይሆናል። ነገር ግን ፋብሪካ አንዲት ቅንጣት ስኳር እንኳ አይሠራም። ስኳርን የሚሠራው አገዳው ራሱ ነው። በቅጠሉ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ፥ ከአየር የወሰደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከምድር የሳበውን ውሃ አዋሕዶ ስኳር ያደርገዋል፤ ያንንም በግንዱ ውስጥ ያከማቸዋል። የሰው ድርሻ ተክሉ የሠራውን ከውሃው፥ ከገለባውና ከእድፉ መለየት፥ በሚለይበትም ጊዜ እንዳይበላሽ መጠበቅ ነው። በሜዳም ሆነ በፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ሲመረመር ጥበቃ ሆኖ ይገኛል። ስኳሩ አገዳው ከተቈረጠበት ሰዓት ጀምሮ ለመጥፋት ይቸኩላል፤ ሰው ደግሞ እሱን ለማዳን ይሽቀዳደማል። የዛሬው ንግግሬ የዚህን እሽቅድድም ታሪክ የሚናገር ነው።

ነገሩን በዓይነ ኅሊናችን ለማየት እንዲመቸን፥ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በአዳማ ከተማ አጠገብ በአዋሽ ወንዝ ዳር ወደሚገኘው ወደ ወንጂ ሜዳ እንሂድ። በዚህ ሜዳ በዘመናዊ ፋብሪካ ስኳር ማውጣት የተጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ሥራውን ያቋቋመው ኤች. ቪ. ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሲሆን፥ ቀደም ሲል በኢንዶኔዥያ በስኳር ሥራ የታወቀ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለተኛው የሸዋ ፋብሪካ በዚያው በወንጂ አጠገብ ተተከለ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ በአዋሽ ሸለቆ የመተሐራ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. ሁሉም የመንግሥት ንብረት ሆኑ። የወንጂና የሸዋ አሮጌ ፋብሪካዎች ከግማሽ ምእት ዓመት አገልግሎት በኋላ ሲዘጉ፥ በምትካቸው በአካባቢው በዶዶታ አዲስ ፋብሪካ ተሠርቷል። መኪናው ቢለወጥም የሥራው ሥርዓት ግን በመሠረቱ ያው ነው።

በመጀመሪያ ከእርሻው እንነሣ። አገዳ እንደ ስንዴ በዘር አይዘራም፤ ዓይን ያለው የግንድ ቁራጭ በቦይ ውስጥ ተጋድሞ ይቀበራል፥ ከየዓይኑም ቡቃያ ይወጣል። አንድ ጊዜ የተተከለው ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው እንደ ገና ስለሚያቈጠቍጥ፥ ሳይነቀል ደጋግሞ ይቈረጣል። በወንጂ አገዳው ለመቈረጥ እስኪደርስ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ዓመት ያህል ይቈያል። የመቈረጫው ጊዜ ሲቃረብ የመስኖው ውሃ ይቋረጥበታል። ውሃ የጠገበ አገዳ ማደጉን ይቀጥላልና ስኳሩን ለዕድገቱ ያውለዋል። ጥም ሲይዘው ግን ዕድገቱን ይገታና ጣፋጩን በግንዱ ያጠራቅማል።

ሸንኮራ የበላ ልጅ ሁሉ ከጫፉ ይልቅ ወደ ሥሩ ያለው እንደሚጣፍጥ ያውቃል። ይህ ልጆች በምላሳቸው የሚያውቁት ነገር በስኳር ሥራ ውስጥ ትልቅ ሕግ ነው። አገዳው የሚበስለው ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ ስለ ሆነ፥ ከሁሉ የበለጠ ስኳር ያለው ከመሬቱ አጠገብ ነው። ስለዚህ ቈራጩ ጐንበስ ብሎ ገጀራውን ከመሬቱ ጋር አስጠግቶ መምታት አለበት። አንድ ስንዝር ጉቶ ሜዳ ላይ ቢቀር ምርጡ ክፍል ቀረ ማለት ነው። ጫፉ ግን ስኳሩ ገና ያልበሰለ ስለ ሆነ ተቈርጦ ይጣላል። ሥራውን ለማቅለል ደረቁ ቅጠል አስቀድሞ በእሳት ስለሚቃጠል፥ ቈራጩ ቀኑን ሙሉ የሚውለው በጥላሸት ውስጥ ነው። እንግዲህ የፋብሪካው የመጀመሪያው መሣሪያ የዚህ ሰው ክንድ መሆኑን ልብ በሉ።

አገዳው በተቈረጠ ጊዜ እሽቅድድሙ ይጀመራል። እኛ በተለምዶ ስኳር የምንለው ነገር በኬሚስትሪ ስሙ ሱክሮስ ይባላል። አንዱ ሱክሮስ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ተያይዘው የተሠራ ነው። ተክሉ ከሥሩ ሲለይ፥ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ይህን ማያያዣ እየፈታ ሁለቱን ያለያያቸዋል። በቈረጣው ቍስል የሚገቡ ጥቃቅን ባክቴሪያዎችም ስኳሩን እየበሉ የሚያዝለገልግ ነገር ያወጣሉ። ግሉኮስና ፍሩክቶስ ለምላስ ይጣፍጣሉ፤ በፋብሪካው ጋን ውስጥ ግን እንደ ሱክሮስ ፍሬ ሆነው አይረጉም፤ ስለዚህ ለስኳር ሠሪው እንደ ጠፉ ይቈጠራሉ። በዚህ ምክንያት የተቈረጠ አገዳ በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ መጨመቅ አለበት ይባላል። ፀሐዩ በበረታ፥ አገዳውም በተቃጠለ መጠን ጥፋቱ ይፈጥናል። የጭነት መኪና ቢሰበር፥ መንገድ በጭቃ ቢያዝ፥ ወይም መጭመቂያው ቢቆም፥ ሰዓቱ ቆሞ አይጠብቅም።

አሁን 100 ኪሎ፥ ማለት አንድ ኩንታል አገዳ ይዘን ወደ ፋብሪካው እንግባ። ልኩ እንደ አገዳው ዓይነትና እንደ ወቅቱ ቢለያይም፥ ለምሳሌ ያህል በዚህ ኩንታል ውስጥ 71 ኪሎ ውሃ፥ 14 ኪሎ ገለባ፥ 13 ኪሎ ሱክሮስና 2 ኪሎ ልዩ ልዩ ነገር አለ እንበል። የፋብሪካው ጥያቄ ከ13ቱ ኪሎ ምን ያህሉን ከጥፋት ማዳን ይቻላል የሚል ነው።

አገዳው በሚዛን ላይ ከተመዘነ በኋላ በሚሽከረከሩ ቢላዋዎች ይከታተፋል፤ በመዶሻ መሰል ብረቶችም ተቀጥቅጦ ይፈረካከሳል። ከዚያም ወደ መጭመቂያው ይገባል። አንዱ መጭመቂያ ጥርስ የወጣላቸው ሦስት ከባድ የብረት መዳመጫዎች ያሉት ነው፤ ጥጥ በመዳመጫ እንደሚዳመጥ አገዳውም በመካከላቸው እየተዳመጠ ያልፋል። አንድ ጊዜ ብቻ መጭመቅ ስለማይበቃ፥ አራት፥ አምስት ወይም ስድስት መጭመቂያዎች በተራ ቆመው አንዱ ለሌላው ያቀብላሉ።

ይሁን እንጂ የቱንም ያህል ቢጨመቅ፥ ገለባው እንደ ስፖንጅ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉን እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ በእርጥበቱም ውስጥ ስኳር አለ። ይህን ለማዳን የተገኘው ዘዴ በየቤታችን ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ከሚያውቁት ጋር ይመሳሰላል። ጠላው ከተቀዳ በኋላ በቀረው ላይ ውሃ ጨምረው ቅራሪ እንደሚያወጡ፥ በፋብሪካውም በመጨረሻው መጭመቂያ ላይ ወደ ገለባው ሙቅ ውሃ ይጨመራል። የሚወጣው ቀጭን ጭማቂ ግን ለብቻው አይወሰድም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ከዚያ በፊት ባለው መጭመቂያ ላይ ይፈስሳል፥ የዚያኛውም ጭማቂ ከእሱ በፊት ወዳለው ይመለሳል። ገለባው ወደ ፊት፥ ጭማቂው ወደ ኋላ እየተጓዙ ይገናኛሉ። በዚህ መንገድ ከስኳሩ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ይወጣል። 28 ኪሎ ውሃ ጨምረን ከነበረ፥ አንዱ ኩንታል አገዳችን 99 ኪሎ ጭማቂና 29 ኪሎ እርጥብ ገለባ ሆኗል ማለት ነው።

ይህ ገለባ ባጋስ ይባላል፤ አይጣልም። በማጓጓዣ እየተገፋ በቀጥታ ወደ ቦይለሩ ሄዶ ይነድዳል። እንፋሎቱ መጭመቂያዎቹን የሚያንቀሳቅሰውን ኃይልና የፋብሪካውን መብራት ያስገኛል፤ ኃይሉን ከሰጠ በኋላ ደግሞ ያው እንፋሎት ጭማቂውን ለማፍላት ይሄዳል። አገዳ ራሱን በራሱ የሚያበስል ተክል ነው ብንል ያስኬዳል። በደኅና የሚሠራ የስኳር ፋብሪካ እንጨት መግዛት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም የሚተርፈውን ኤሌክትሪክ ለሌላ መስጠት ይችላል።

ጭማቂው ከመጭመቂያው ሲወጣ ንጹሕ አይደለም። አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት፥ ድፍርስ፥ አፈርና ጥቃቅን ገለባ ያለበት፥ ጥቂት ኮምጣጣነትም ያለው ነው። ይህ ኮምጣጣነት ሁለተኛው የስኳር ጠላት ነው፤ አሲድ ባለበት ሙቀት ሲጨመር ሱክሮስ ፈጥኖ ይለያያልና። ስለዚህ በውሃ የተበጠበጠ ኖራ ይጨመርበታል። ኖራው ኮምጣጣነቱን ከማብረዱም በላይ ከእድፉ ጋር ተያይዞ ይከብድና ወደ ታች ያወርደዋል። በአገራችን ነጭ ስኳር በሚሠራበት ዘዴ ድኝ ተቃጥሎ ጢሱ በጭማቂው ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ይህም ቀለሙን ያነጣዋል። ከዚያም ጭማቂው ከመፍላቱ ወሰን ድረስ ሙቆ በሰፊ ጋን ውስጥ እንዲያርፍ ይተዋል። ዝቃጩ እንደ ጠላ አተላ ከታች ይቀመጣል፥ የጠራው ከላይ ይቀዳል። አተላውም ቢሆን ተጣርቶ በውስጡ የቀረው ስኳር ከወጣ በኋላ ተመልሶ ለእርሻው ማዳበሪያ ይሆናል። ኖራው ቢያንስ ስኳሩ ይለያያል፤ ቢበዛ ደግሞ ግሉኮሱና ፍሩክቶሱ ተበላሽተው ጭማቂውን ያጠቍሩታል። ስለዚህ በዚህ ስፍራ የሚቆመው ኬሚስት ዓይኑን ከመለኪያው ላይ አያነሣም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ሥራ ውሃውን ማትነን ነው። ከ99ኙ ኪሎ ጭማቂ ውስጥ 75 ኪሎ ያህል ውሃ ወጥቶ ወፍራም ሽሮፕ እስኪሆን ድረስ መፍላት አለበት። ይህን ያህል ውሃ በተራ ምጣድ ላይ እናትንን ብንል ሁለት ችግር ይገጥመናል። አንደኛ፥ ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ ባጋሱም አይበቃም። ሁለተኛ፥ ረጅም ጊዜ በኃይለኛ ሙቀት ላይ የቈየ ስኳር ያርራል።

ለዚህ የተገኘውን መፍትሔ ለመረዳት ወላጆቻችን የሚያውቁትን አንድ ነገር እናስታውስ። በደጋ አገር ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ይዘገያል። ምክንያቱም ከፍ ባለ ስፍራ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ውሃ ሳይግል ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ለወጥ ሠሪ ችግር ሲሆን ለስኳር ሠሪ ግን በረከት ነው። በተዘጋ ጋን ውስጥ ያለው አየር ተስቦ ግፊቱ ከተቀነሰ፥ ጭማቂው በ60 ዲግሪ እንኳ ሊፈላ ይችላል፤ ስለዚህም አያርርም። ከዚህም ሌላ ጋኖቹ አራት ሆነው በተራ ቢቆሙና ግፊታቸው እየቀነሰ ቢሄድ፥ ከአንደኛው ጋን የወጣው እንፋሎት ሁለተኛውን፥ ከሁለተኛው የወጣው ሦስተኛውን፥ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ያፈላዋል። በዚህ ዘዴ በአንድ ኪሎ እንፋሎት ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ ውሃ ይተናል። 75 ኪሎ ውሃ ለማውጣት 75 ኪሎ እንፋሎት መፍጀት ቀርቶ 20 ኪሎ ያህል ይበቃል ማለት ነው።

ይህን መኪና ለስኳር ሥራ እንዲውል አድርጎ የፈለሰፈው ኖርበር ሪልዬ የተባለ መሐንዲስ ነው። በአሜሪካ አገር በኒው ኦርሊንስ ከተማ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1806 ተወለደ። አባቱ ነጭ፥ እናቱ ግን ከአፍሪካውያን ዘር የተወለደች ነፃ ሴት ነበረች። በፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በዚያ ዘመን በሉዊዚያና ባሮች በተራ በተደረደሩ ክፍት ጋኖች አጠገብ ቆመው የፈላውን ጭማቂ በትልልቅ ጭልፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጡ ነበር፤ በፍላቱም ይቃጠሉ ነበር። ሪልዬ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1843 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የእሱ መኪና ማገዶን አዳነ፥ ስኳሩን አነጣ፥ የሰውንም እጅ ከፍላቱ አራቀ። በዚያን ጊዜ ግን ቀለሙ ጥቍር የሆነ ሰው በሉዊዚያና እንደ እኩል አይቈጠርም ነበርና፥ ሪልዬ በመጨረሻ ወደ ፓሪስ ተመልሶ በ1894 በዚያው ሞተ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የስኳር ፋብሪካዎች፥ የእኛዎቹም ጭምር፥ ጭማቂያቸውን የሚያተንኑት በእሱ ሐሳብ ነው።

አሁን ሽሮፑ ከመቶ 60 እጅ በላይ ስኳርና ሌላ ሟሚ ነገር ያለበት ሆኗል። ይህ ሽሮፕ አየሩ በተሳበበት ሌላ ጋን ውስጥ፥ በ70 ዲግሪ ገደማ፥ እንደ ገና ይፈላል። ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስኳር ይኖርበታል። ማር ሰንብቶ ሲረጋ ትንንሽ ፍሬ እንደሚያወጣ ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ እዚህም ስኳሩ ፍሬ ሆኖ ሊረጋ ይዘጋጃል። በዚያች ሰዓት በጣም የደቀቀ ስኳር እንደ ዘር ይጨመራል፤ የሚረጋው ስኳር በዚያ ዘር ላይ እየተጠቀለለ ፍሬው ያድጋል። አፍይው ሠራተኛ ከጋኑ ጥቂት ቀድቶ በመስተዋት ላይ ያፈስና ፍሬውን በብርሃን ይመለከታል። ከቸኰለ አዲስ ደቃቅ ፍሬ ይፈላበትና ሁሉም ጭቃ ይሆናል፤ ከዘገየ የያዘው ፍሬ መልሶ ይሟሟል። ብዙ መለኪያ በተገኘበት በአሁኑ ዘመን እንኳ የለመደ ዓይን ትልቅ ዋጋ አለው።

ከጋኑ የሚወጣው ነገር ገና ስኳር አይባልም፤ ፍሬና ሽሮፕ ተደባልቀው የቆሙበት ወፍራም ገንፎ ነው። ይህም ጐኑ እንደ ወንፊት በተበሳ የብረት ከበሮ ውስጥ ገብቶ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያሽከረክር ድንጋዩ ወደ ውጭ ለመውጣት እንደሚታገል፥ ሽሮፑም በቀዳዳው እየተፈናጠረ ይወጣል፤ ፍሬው ግን በወንፊቱ ላይ ይቀራል። ጥቂት ውሃ ሲረጭበት ነጭ ስኳር ሆኖ ይታያል። ከዚያም በሙቅ አየር ደርቆ፥ በወንፊት ተለይቶ በጆንያ ይሞላል።

የወጣው ሽሮፕ ገና ስኳር ስላለበት ተመልሶ ይፈላል። ቡና በአቦል፥ በቶናና በበረካ እንደሚጠጣ፥ ሽሮፑም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ፈልቶ ሦስት ጊዜ ይለያል፤ በየጊዜውም ቀለሙ እየጠቈረ፥ ስኳሩ እያነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ ከእንግዲህ ፍሬ የማይወጣው ጥቍር ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል፤ አልኰልና የከብት መኖ ይሠራበታል።

አሁን ሒሳባችንን እንዝጋ። በአንዱ ኩንታል አገዳ ውስጥ 13 ኪሎ ሱክሮስ ነበረ። ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ በባጋሱ ውስጥ ቀረ፤ ከአንድ ኪሎ የሚበልጥ በሞላሰሱ ውስጥ ሄደ፤ በአተላውና በልዩ ልዩ ምክንያት ደግሞ ጥቂት ጠፋ። በእጃችን የቀረው ከ10 እስከ 11 ኪሎ ስኳር ነው። የዚህ ሁሉ ብረት፥ እሳትና ድካም ፍሬ ይህ ነው።

ከዚህ ላይ ማጣራት ስለሚባለው ሥራ ጥቂት ልናገር። በብዙ አገሮች የአገዳው ፋብሪካ የሚያወጣው ቡናማ ጥሬ ስኳር ብቻ ነው። እሱም በመርከብ ተጭኖ ወደ ማጣሪያ ፋብሪካ ይሄድና በላዩ ያለው ሽሮፕ ታጥቦ፥ እንደ ገና በውሃ ሟሟቶ፥ በከሰል ውስጥ እያለፈ ቀለሙ ይወጣለታል፤ በመጨረሻም ዳግመኛ ይረጋል። በዚህ ዓይነት የተጣራው ስኳር ከመቶ 99.9 እጅ ሱክሮስ ነው። ለዚህ ሥራ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ከሰል ከከብት አጥንት የተከሰለ ነው፤ ቀለምን የመሳብ ልዩ ችሎታ አለውና።

የአጥንት ከሰል ነገር ከተነሣ ዘንድ ወደ ወንጂ የሚመልሰን ሌላ ጉዳይ አለ። ይኸው ከሰል በስምጥ ሸለቆ በአንዳንድ መንደሮች ፍሎራይድ የተባለውን ነገር ከመጠጥ ውሃ ለማጣራት አገልግሏል። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለ ሆነ፥ የጕድጓዱ ውሃ ብዙ ፍሎራይድ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፥ በወንጂ ሠራተኞቹ ይጠጡባቸው የነበሩ የጕድጓድ ውሃዎች ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበራቸው። ፍሎራይድ ሲበዛ በልጅነት ጥርስን ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት ከተጠጣ ደግሞ አጥንትን ያደርቃል። በዚያ እርሻ ብዙ ዘመን ከሠሩት ሰዎች መካከል ጀርባቸው አልታጠፍ፥ አንገታቸው አልዞር ያላቸው እንደ ነበሩ ሐኪሞች መርምረው ጽፈዋል። ውሃውን የሚያጣራ መሣሪያ በቦታው ተተክሏል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የደረቀ ጀርባ አይመለስም። ስኳር ለማውጣት የሚጎነበስ ጀርባ ያስፈልጋል ብያችሁ ነበር። እንግዲህ በስኳር ሥራ የሚጠበቀው ስኳሩ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው ሰው ነው። ለጭማቂው ኖራ የሚለካው ኬሚስትሪ ለሠራተኛው ውሃ ፍሎራይድ መለካት ይችላል።

ክቡራን ወላጆች፥ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ትሉ ይሆናል። አገራችን ለአገዳ የተመቸ ፀሐይ፥ መሬትና ወንዝ አላት፤ ሆኖም ከብዙ ዓመት ጀምሮ የጐደላትን ስኳር በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ ቈይታለች። ለዚህ ልዩ ልዩ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም ዛሬ መዘርዘር አልችልም። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ሒሳብ ላቅርብ። አንድ ፋብሪካ በቀን 5000 ቶን አገዳ ይጨምቃል እንበል። አገዳው በመንገድ ላይ በመዘግየቱ ከየኩንታሉ አንድ ኪሎ ስኳር ብቻ ቢጠፋ፥ በአንድ ቀን 50 ቶን፥ ማለት 500 ኩንታል ስኳር ይጠፋል። አንድ ቤተ ሰብ በወር 5 ኪሎ ቢበቃው፥ ይህ የ10000 ቤተ ሰብ የወር ስኳር ነው። ሌባ አልሰረቀውም፥ እሳት አልበላውም፤ የወሰደው መዘግየት ነው። በወንጂ አካባቢ በማኅበር ሆነው አገዳ የሚያቀርቡ ገበሬዎችም አሉ። ሜዳ ላይ የሰነበተ አገዳ ውሃው ስለሚተን ክብደቱ ይቀንሳልና፥ ጉዳቱ እስከ እነሱ ጓዳ ይደርሳል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከመካከላችን መሐንዲስ፥ ኬሚስት፥ ሐኪም ወይም የእርሻ ባለሙያ ለመሆን የምንመኝ ብዙዎች ነን። አዲስ ነገር መፍጠር መልካም ምኞት ነው። ነገር ግን ተፈጥሮ ሠርታ የሰጠችንን ሳናባክን ለሰው ማድረስም ትልቅ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ከዚህ ተክል እንማር። ቈራጩ አስጠግቶ ቢቈርጥ፥ ሾፌሩ በጊዜው ቢያደርስ፥ መካኒኩ መኪናውን ሳይሰበር ቢጠግን፥ ኬሚስቱ ኖራውን በልክ ቢያደርግ፥ አፍይው ባይቸኵልና ባይዘገይ፥ ሐኪሙም የሁሉንም ጤና ቢጠብቅ፥ ስኳሩ ከሲኒው ይደርሳል። ከእነዚህ አንዱ ቢሰንፍ የሌሎቹ ትጋት ከንቱ ይሆናል። ከእንግዲህ ወዲህ «ስኳርን የሚሠራው ማን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ፥ «የሚሠራው አገዳው ነው፤ ከጥፋት የሚያድነው ግን የብዙ ሰዎች ትጋት ነው» ብለን እንመልስ።